የናሚቢያ ነጻነትና የጎረቤቶቿ ዲፕሎማሲ

የዛሬዋ ናሚቢያ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ በሚል ስም ከ1884 ጀምሮ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የጀርመን ቅኝ ግዛት ነበረች። ከ1904 እስከ 1908 የጀርመን ጦር የሄሬሮንና የናማን ሕዝብ ፈጀ፤ ከጥይት ካመለጠውም ብዙው በበረሃ ጥምና በማጎሪያ ሰፈር አለቀ። በ1915 የደቡብ አፍሪካ ጦር አገሪቱን ያዘ። በ1920 ደግሞ የመንግሥታት ማኅበር ለነዋሪው ደህንነት ስትል እንድታስተዳድራት ለደቡብ አፍሪካ በሞግዚትነት ሰጣት። ማኅበሩ ፈርሶ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሲተካ ፕሪቶሪያ (የደቡብ አፍሪካ መንግሥት)፣ አደራ ሰጪው ስለሌለ አደራውም የለም ወደሚል ክርክር ገባች። በ1946 ግዛቲቱን ከራሷ ጋር ልትቀላቅል ብትጠይቅም ጠቅላላ ጉባኤው አልፈቀደም። እሷም አልለቀቀችም።

ነገሩን ከተማጽኖ ወደ ክስ ያሸጋገረው በጁን 1960 አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰበው የነጻ አፍሪካ አገሮች ጉባኤ ነው። ሞግዚቱን ለመክሰስ መብት የነበራቸው የቀድሞው ማኅበር አባላት ነበሩ። ከሰሐራ በታች፣ ከተከሳሿ በቀር፣ አባል የነበሩት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ብቻ ስለሆኑ ሸክሙ በእነሱ ላይ ወደቀ። ኢትዮጵያ ራሷ በጣሊያን ስትወረር ለዚያው ማኅበር አቤት ብላ ፍትሕ ያጣች አገር ናት። ሁለቱ አገሮች በኖቬምበር 1960 ዘ ሄግ ለሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ክሱን አቀረቡ። አፓርታይድን በግዛቲቱ መዘርጋት የአደራውን ቃል ማፍረስ ነው የሚለው የክሱ እምብርት ነበር።

ፍርድ ቤቱ በ1962 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው በ8 ለ7 ድምፅ ወሰነ። ከዚያ በኋላ ግን የዳኞቹ ወንበር ተለዋወጠ። ግብፃዊው ዳኛ ባዳዊ ሞቱ፤ የፔሩው ቡስታማንቴ ታመሙ፤ ፓኪስታናዊው ዛፍሩላ ካን በችሎቱ አልተቀመጡም። ጁላይ 18 ቀን 1966 ድምፁ 7 ለ7 ሆነ። አውስትራሊያዊው ፕሬዚዳንት ሰር ፐርሲ ስፔንደር በወሳኝ ድምፃቸው ሚዛኑን ወደ ፕሪቶሪያ አጋደሉት። ፍርዱ አፓርታይድ ትክክል ነው ወይም አይደለም አላለም፤ ከሳሾቹ በጉዳዩ ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ስድስት ዓመት የተለፋበት ክርክር ፍሬ ነገሩ ሳይነካ ቀረ። ይህ ከፍርድ ቤቱ ታሪክ እጅግ አሳፋሪዎቹ ውሳኔዎች ተርታ ቢመደብ አይበዛበትም።

ቁጣው ግን ፍሬ አፈራ። በኦክቶበር 1966 ጠቅላላ ጉባኤው በ114 ድምፅ የደቡብ አፍሪካን ሞግዚትነት ሰረዘ። የተቃወሙት ደቡብ አፍሪካና ፖርቱጋል ብቻ ነበሩ። በ1971 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት በሰጠው የምክር አስተያየት የደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ መቆየት ሕገ ወጥ ነው አለ። በ1960 የተመሠረተው የነጻነት ድርጅት ስዋፖ ግን ከ1966ቱ ፍርድ በኋላ በሕግ መንገድ ብቻ መጠበቁን ትቶ ነበር። በዚያው ዓመት ኦገስት 26 ቀን ኦሙጉሉግዎምባሼ ላይ የመጀመሪያው ውጊያ ተደረገ።

ጎረቤቶቹ በሙሉ ኃይል ወደ ጉዳዩ የገቡት ከፖርቱጋል አብዮት በኋላ ነው። የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት የነበረችው አንጎላ በ1975 ነጻ ስትወጣ ስዋፖ በሰሜን በኩል መነሻ አገኘ። ታንዛኒያ፣ ዛምቢያ፣ ቦትስዋና፣ ሞዛምቢክና አንጎላ የግንባር መስመር አገሮች ተብለው በአንድነት ይመክሩ ጀመር፤ ዚምባብዌ በ1980 ተጨመረች። በ1977 አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመንና ካናዳ የሽምግልና ቡድን ሲያቋቁሙ፣ ምዕራባውያኑ ፕሪቶሪያን ሊገፉ፣ ጎረቤቶቹ ስዋፖን ሊያግባቡ ሥራውን ተከፋፈሉ። የጎረቤቶቹ ድርሻ ቀላል አልነበረም። በሜይ 1978 የደቡብ አፍሪካ ጦር አንጎላ ውስጥ ካሲንጋ የሚገኘውን የስዋፖ ሰፈር ደብድቦ ከ600 በላይ ሰው ገደለ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሐዘኑ ገና ሳይበርድ፣ በጁላይ፣ ሉዋንዳ ላይ የግንባር አገሮቹ መሪዎች ስዋፖ የምዕራባውያኑን የነጻነት ዕቅድ እንዲቀበል አሳመኑት። የአገሪቱ ብቸኛ ጥልቅ ወደብ ዋልቪስ ቤይ በዕቅዱ ውስጥ ስላልተካተተ፣ መስማማቱ መራራ ነበር።

በሴፕቴምበር 1978 የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 435ን አሳለፈ፦ ተኩስ ይቆማል፤ የደቡብ አፍሪካ ጦር ይወጣል፤ በተባበሩት መንግሥታት ክትትል ምርጫ ይደረጋል። ፕሪቶሪያ በዲሴምበር የራሷን ምርጫ አካሂዳ ዕቅዱን ገፋችው። በ1981 ደግሞ የአሜሪካው የሬገን አስተዳደር፣ በአፍሪካ ጉዳዮች ኃላፊው በቼስተር ክሮከር በኩል፣ የናሚቢያ ነጻነት የአንጎላን መንግሥት ይደግፍ የነበረው የኩባ ጦር ከአንጎላ ከመውጣቱ ጋር ይያያዝ አለ። የግንባር አገሮቹ ይህን ማያያዝ አልተቀበሉም። ቢሆንም የሚደራደሩበትን በር አልዘጉም፤ በ1984 የዛምቢያው ፕሬዚዳንት ካውንዳ ሉሳካ ላይ ስዋፖንና የደቡብ አፍሪካን ወገን ፊት ለፊት አገናኙ። በነዚያ አሥር ዓመታት 435 በሌላ ሰነድ ሳይተካ የቆየው፣ በቦምብ ሲደበደቡና በኢኮኖሚ ሲታነቁ እንኳ ጎረቤቶቹ ከእሱ ያነሰ ነገር ስላልፈረሙ ነው።

ሚዛኑን የለወጠው ጦርነት ነው። በ1987ና 1988 ደቡብ አንጎላ ውስጥ ኩይቶ ኩዋናቫሌ ላይ የተደረገው ውጊያ ለማንም ቁርጥ ያለ ድል አላመጣም። የኩባ ጦር ወደ ናሚቢያ ድንበር ሲጠጋ ፕሪቶሪያ ዋጋውን አሰላች። የአንጎላና የኩባ ደጋፊ ሞስኮም ከጦርነቱ መውጣት ፈለገች። ንግግሩ ከለንደን ወደ ካይሮ፣ ወደ ኒውዮርክ፣ ወደ ጄኔቫ፣ በመጨረሻም ወደ ኮንጎዋ ብራዛቪል ተዘዋወረ። አንጎላ፣ ኩባና ደቡብ አፍሪካ ዲሴምበር 22 ቀን 1988 ኒውዮርክ ላይ ፈረሙ፦ 435 ይፈጸማል፤ የኩባ ጦር በ27 ወራት ይወጣል። ስዋፖ ከፈራሚዎቹ አንዱ አልነበረም።

ይህ ጉድለት ብዙም ሳይቆይ ደም አፈሰሰ። የጸጥታው ምክር ቤት ኃያላን ወጪ ለመቀነስ ለሰላም አስከባሪው የታቀደውን 7,500 ወታደር ወደ 4,650 ለማውረድ ሲሞክሩ የግንባር አገሮች ተቃወሙ፤ በክርክሩ ሳምንታት አለፉ፤ ጦሩ ዘገየ። ተኩስ ይቆማል በተባለበት ኤፕሪል 1 ቀን 1989 የስዋፖ ተዋጊዎች ከአንጎላ ተሻገሩ። ስዋፖ ተዋጊዎቹ በአገር ውስጥ ሰፈር እንደሚሰጣቸው ያምን ነበር፤ ጄኔቫ ላይ የተስማሙት ወገኖች ግን አንጎላ ውስጥ ከ16ኛው ኬክሮስ በስተሰሜን እንዲቆዩ ወስነው ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ልዩ ተወካይ ማርቲ አህቲሳሪ ሜዳው ላይ በቂ ጦር ስላልነበራቸው የደቡብ አፍሪካ ኃይሎች ከሰፈራቸው እንዲወጡ ፈቀዱ። በዘጠኝ ቀን ከ300 በላይ የስዋፖ ተዋጊዎች ሞቱ። ስለ ጦሩ መጠን ሲከራከሩ የነበሩት ጎረቤቶች ትክክል ነበሩ፤ ለመዘግየቱ ግን በሕይወት ተከፈለ።

ሦስቱ ፈራሚዎች ኤፕሪል 9 ቀን ናሚቢያ ውስጥ ማውንት ኤትጆ ላይ ሂደቱን መልሰው በእግሩ አቆሙት። በኖቬምበር በተደረገው ምርጫ ከተመዘገበው ሕዝብ ከ95 በመቶ በላይ ድምፅ ሰጠ። ስዋፖ ከ72 መቀመጫ 41 አገኘ፤ ብቻውን ሕገ መንግሥት ለማጽደቅ የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ስላልሞላለት ከተቃዋሚዎቹ ጋር መስማማት ግድ ሆነበት። ማርች 21 ቀን 1990 ናሚቢያ ነጻ ስትወጣ የስዋፖው መሪ ሳም ኑጆማ በፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በስደት ዘመን ስዋፖ አንጎላ ውስጥ ሉባንጎ አጠገብ ያሰራቸውና ያሠቃያቸው የራሱ አባላት ጉዳይ ግን በቂ ምላሽ ሳያገኝ ወደ አዲሱ መንግሥት ተሻገረ።

ሉዋንዳ ላይ ለሌላ ጊዜ የተተወው ዋልቪስ ቤይ የተመለሰው በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ቀጥተኛ ድርድር ነው። ከ1992 ጀምሮ ሁለቱ በጋራ አስተዳደሩት፤ ማርች 1 ቀን 1994 ወደቡ ከ12 የባሕር ዳርቻ ደሴቶች ጋር ለናሚቢያ ተላለፈ።