መጨረሻ ላይ የሚነሰነሰው መከለሻ

ዶሮ ወጥ ሲነሣ የሚወደሰው በርበሬው ነው። አይፈረድም፤ የድካሙ ሁሉ ማዕከል እሱ ነው። በደቃቁ የተከተፈው ሽንኩርት ያለ ቅባት ለረጅም ጊዜ ይቁላላል፣ በርበሬና ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላሉ፤ በሎሚና በጨው ደጋግሞ የታጠበው፣ በ12 ብልት የወጣው ዶሮ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ወጡ ሊወርድ ጥቂት ሲቀረው ባለሙያዋ ከትንሽ ዕቃ ቆንጠር አድርጋ የምትነሰንሰው ዱቄት ግን ብዙም አይወራለትም። መከለሻ ነው።

መከለሻ የብዙ ቅመም ድብልቅ ነው። ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድና ቀረፋ በአብዛኛው አይጠፉበትም፤ ጥቁር አዝሙድ ወይም ገውዝ የሚያክሉም አሉ። መጠኑ እንደየቤቱ ነው። ቅርንፉድ ላይ ግን እጅ መሰብሰብ ያሻል፤ ከበዛ ሌላውን ሁሉ ይውጣል።

ከእነዚህ ውስጥ የአገሩ ልጅ ኮረሪማ ነው። የዝንጅብል ዘመድ የሆነው ይህ ተክል እንደ ከፋ ባሉ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። ፍሬው ሲበስል ይቀላል፤ ደርቆ ከተበሳ በኋላ በገመድ እየተሰካ ገበያ ይወጣል። ለወጥ የሚፈለገው ቅርፊቱ ሳይሆን ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ዘሮች ናቸው። ባሕር ማዶ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሲያጡት በሄል ይተኩታል። ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይሆኑም። ጥምዝም የዚያው የደቡብ ምዕራብ ደን ልጅ ነው፤ የቁንዶ በርበሬ የቅርብ ዘመድ ሲሆን ጢስ ጢስ የሚል ጠረን አለው።

ታዲያ ለምን መጨረሻ ላይ?

የእነዚህ ቅመሞች መዓዛ የሚመጣው ሙቀት ቶሎ ከሚያተናቸው ዘይቶች ነው። ከሽንኩርቱ ጋር አብረው ቢገቡ ጠረናቸው ቤቱን ያውደውና ለወጡ የሚተርፈው ጥቂት ይሆናል። በርበሬ ግን ተቃራኒው ነው። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲንም ሆነ ቀይ ቀለሙ ከውኃ ይልቅ በቅባት ይሟሟሉ፤ ስለዚህ ከቅቤው ጋር በደንብ መቁላላት አለበት። ጥሬ በርበሬ የሚሸት ወጥ የችኮላ ወጥ ነው።

ስለ ቅመሞች የጤና ጥቅም ብዙ ይባላል። ዝንጅብል ማቅለሽለሽን እንደሚያስታግስ ጥናቶች ይደግፉታል። ኮረሪማን ለሆድ መነፋት መጠቀም የቆየ ልማድ ነው፤ በቅርንፉድ ውስጥ ያለውን ዩጂኖልም የጥርስ ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። ቆንጠር ተደርጎ ወጥ ላይ የተነሰነሰ ቅመም ግን መድኃኒት አይሆንም። ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው፦ መዓዛው የሞላ ወጥ ጨውና ቅቤ ቢቀነስለት እንኳ ጣዕም አያጣም። ደም ግፊት ላለበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለቀይ የሥጋ ወጥና ለምንቸት አብሽም አሠራሩ ያው ነው። የመከለሻ ቅመም ስትገዙ የተፈጨውን ሳይሆን ያልተፈጨውን ግዙ፤ በትንሽ በትንሹ ፍጩ፣ የዕቃውን ክዳን አጥብቃችሁ ከብርሃንና ከምድጃ አርቃችሁ አስቀምጡ።