የማይንቀጠቀጥ ሥዕል
የቤተ ሰብን ፎቶግራፍ በዲስክ ላይ ስለ ማኖር



በደቡብ ወሎ፥ በጃማ ወረዳ፥ ከደጎሎ ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኝ አንድ ቤት፥ የአባወራው የሰባት ዓመት ተዝካር በተደረገ ማግስት የሆነውን ነገር አስቀድሜ ላጫውታችሁ። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው፥ እንግዶቹም ተሸኝተው፥ ቤተ ዘመድ ብቻ በቀረበት ሰዓት አንድ ዲስክ በማጫወቻው ውስጥ ገባ። በዲስኩ ላይ 60 ፎቶግራፎች ነበሩ። የአባታችን የጋብቻ ቀን፥ የልጆቻቸው ክርስትና፥ በጥምቀት በዓል ጥበብ ያለው ኩታ ለብሰው ታቦት ሲያጅቡ፥ ከሁሉም በኋላ በመጨረሻው ዘመናቸው ከደጃፋቸው ተቀምጠው የተነሡት ሥዕል ይገኙበት ነበር። ዲስኩን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርሁ።

ባለቤታቸው ዓይናቸው የደከመ እናት ናቸው። ስለዚህ ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠግተን አስቀመጥናቸው። እኔም በመጨረሻው ፎቶግራፍ ላይ ሥዕሉ ቀስ እያለ ወደ አባታችን ፊት እንዲቀርብ አድርጌ ነበር። ነገር ግን ሲቀርብ ይንቀጠቀጥ፥ ወደ ጎን ሲሄድም ይዘል ጀመር። እናታችን ጥቂት ዝም ብለው ከተመለከቱ በኋላ፥ «ምነው ልጄ፥ ያን ዕለት ብርድ ይዟቸው ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ። ፎቶግራፉ እንከን አልነበረበትም፤ እንከኑ የእኔ ሥራ ነበረ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን መርምሬ የተረዳሁትን፥ ሌላው ቤተ ሰብ እንደ እኔ እንዳያፍር፥ በዚህ ጽሑፍ ለማካፈል አስቤአለሁ። ዛሬ ፎቶግራፍ በእጅ ስልክና በፍላሽ እየተላለፈ የዲስክ ነገር እየቀነሰ መምጣቱ እውነት ነው። ሆኖም የዲቪዲ ማጫወቻ ባለበት ቤት፥ ስልክ መነካካት ለማይሆንላቸው ሽማግሌዎች፥ ዲስክ አሁንም ቀላል ነገር ነው፤ አስገብቶ መመልከት ብቻ ነውና።

የአንድ ፊት ዋጋ

ፎቶግራፍ ለወሎ ደጋ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ መጥቶ ስለ ነበረ፥ ከኢትዮጵያ ምድር ከተነሡት ቀደምት ፎቶግራፎች ብዙዎቹ የዚያ ዘመቻ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር ካለፉ በኋላ፥ ሕፃኑ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በመንገድ ላይ ዐረፉ። ልዑሉ ወደ አገሩ ሳይመለስ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ አለፈ። ፊቱን ግን እኛ ዛሬ እናውቀዋለን። የምናውቀውም በእንግሊዝ አገር ሳለ ስለ ተነሣ፥ ፎቶግራፉም ስለ ተጠበቀ ብቻ ነው።

እንግዲህ አንድ ፎቶግራፍ የሄደን ሰው ፊት ለሚቀጥለው ትውልድ የሚያደርስ አደራ ከሆነ፥ ያንን አደራ ወደ ዲስክ የሚያሻግር ሰው ፊቱን አበላሽቶ እንዳያደርስ መጠንቀቅ ይገባዋል።

እንቅስቃሴ ምንድን ነው?

በቴሌቪዥን የምናየው እንቅስቃሴ በእውነቱ እንቅስቃሴ አይደለም። የቆሙ ሥዕሎች እየተከታተሉ በፍጥነት ሲታዩ ዓይናችንና አእምሮአችን አያይዘው እንደ አንድ ጉዞ ይቀበሏቸዋል። እያንዳንዱን የቆመ ሥዕል ፍሬም ይሉታል። ድምፅ ያለው ሲኒማ በሴኮንድ 24 ፍሬም ያሳያል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት 23 ቀን ሥራውን ሲጀምር በአገራችን የገባው ሥርዓት ደግሞ በሴኮንድ 25 ፍሬም የሚያሳየው ነው። ይህም ቍጥር የተመረጠው በኤሌክትሪክ ምክንያት ነው፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ እንደ አውሮፓ ሁሉ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳልና፥ 25 የዚያ እኩሌታ ነው።

በዚህ ሥርዓት የሚሠራ ዲቪዲ እያንዳንዱ ፍሬሙ 576 መስመር፥ እያንዳንዱም መስመር 720 ነጥብ አለው። ብዙ ጊዜም ፍሬሙ በአንድ ጊዜ አይሳልም፤ በሁለት ፈረቃ ይከፈላል። በአንደኛው ፈረቃ 1ኛው፥ 3ኛው፥ 5ኛው መስመር፥ በሁለተኛው ፈረቃ 2ኛው፥ 4ኛው፥ 6ኛው መስመር ይሳላል። ስለዚህ በሴኮንድ 50 ግማሽ ሥዕሎች ይታያሉ ማለት ነው። ይህን የተረዳ ሰው የመንቀጥቀጡን ምክንያት ሁሉ በቀላሉ ያገኘዋል።

የመንቀጥቀጥ ምክንያቶች

የመጀመሪያው ምክንያት የአገር ልዩነት ነው። በአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 60 ጊዜ ስለሚመላለስ፥ የዚያ አገር ዲቪዲ በሴኮንድ 30 ገደማ ፍሬምና 480 መስመር አለው። በዋሽንግተን ወይም በሌላ የአሜሪካ ከተማ የሚኖሩ ልጆቻችን ለእናት ለአባታቸው ዲስክ ሲልኩ በዚያው ልክ ያዘጋጁታል። ማጫወቻው ይህን ወደ 25 ሲመልስ ከየ6ቱ ፍሬም አንዱን ያህል መጣል ይኖርበታል። በቀስታ የሚሄድ ሥዕል ከእርምጃው ሁሉ ስድስተኛው ሲጐድልበት እንደሚያነክስ ሰው ይሆናል። እኔም አዲስ አበባ ተቀምጬ የሠራሁበት ፕሮግራም ገና ሲከፈት በአሜሪካ ልክ የተሰናዳ እንደ ነበረ ያወቅሁት በኋላ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፎቶግራፍ በራሱ የፍሬም ቍጥር የለውም። ስለዚህ ሥራው ሲጀመር ልኩን «ፓል፥ 25 ፍሬም» ብሎ መምረጥ ይበቃል። የተሠራውን ቪዲዮ በኋላ ከመለወጥ ይልቅ ከፎቶግራፎቹ እንደ ገና መሥራት ይሻላል።

ሁለተኛው ምክንያት የፈረቃዎቹ መዛባት ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግማሽ ሥዕል ኋላ፥ ኋላ መታየት ያለበትም ፊት ከሆነ፥ ሥዕሉ ወደ ፊት ሄዶ መልሶ ወደ ኋላ ይላል። ዳዊት የሚደግም ሰው ሁለተኛውን መስመር አስቀድሞ ከዚያ አንደኛውን፥ አራተኛውን አስቀድሞ ከዚያ ሦስተኛውን ቢያነብ እንደ ማለት ነው። በሥራው መጀመሪያ የተመረጠው የፈረቃ ተራ እስከ መጨረሻው ድረስ አንድ መሆን አለበት። ይህ የሚያስቸግረው ሰው ፈረቃ የሌለውን፥ ሙሉ ፍሬሙ በአንድ ጊዜ የሚሳልበትን ልክ ይምረጥ። እንቅስቃሴው ልስላሴው ጥቂት ይቀንሳል፤ ወደ ኋላ መመለስ ግን አይኖርበትም።

ሦስተኛው ምክንያት ፍጥነት ነው። ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ፎቶግራፍ በስፋቱ 1,080 ነጥብ ሆኖ ቢዘጋጅ፥ የቴሌቪዥኑ ስፋት 720 ስለ ሆነ፥ ከዳር እስከ ዳር ለማሳየት 360 ነጥብ መጓዝ አለበት። ይህን በ6 ሴኮንድ ቢጓዝ በየፍሬሙ 2.4 ነጥብ ይደርሰዋል። ብዙ ፕሮግራሞች ነጥቡን ከፍለው በጥንቃቄ ያስሉታል፤ አንዳንዶቹ ግን ነጥብ መክፈል ስለማይችሉ አንዴ 2፥ አንዴ 3 እያደረጉ ያስኬዱታል። መንቀጥቀጡ ይህ ነው። ያው ጉዞ በ7.2 ሴኮንድ ቢሆን ግን በየፍሬሙ በትክክል 2 ነጥብ፥ በየፈረቃውም 1 ነጥብ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሥዕል እንደ ረጋ ውኃ ይፈሳል። ደግሞም ሲነሣና ሲቆም ቀስ ብሎ እንዲሆን ማድረግ ይገባል፤ መኪናም በድንገት ሲነሣና ሲቆም ተሳፋሪውን ያንገላታልና።

አራተኛው ምክንያት ቀጭን መስመር ነው። የእኛ ልብስ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። የቀሚስና የኩታ ጥበብ፥ የካህናት ካባ ጥልፍ፥ የጥላው ዘርፍ፥ በጥምቀት ፎቶግራፍ ላይ ያለው መቋሚያ ሁሉ ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። አንድ ቀጭን አግድም መስመር በአንዱ ፈረቃ ላይ ብቻ ሲወድቅ፥ በሴኮንድ 25 ጊዜ እየጠፋ እየበራ ዓይንን ይወጋል። ብዙ ነጥብ ያለው ትልቅ ፎቶግራፍ እንዳለ ሲገባ ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ ፎቶግራፉን አስቀድሞ ለጉዞው ወደሚበቃው መጠን ማሳነስ፥ ፕሮግራሙም ብልጭታ የሚቀንስ መሣሪያ ካለው በጥቂቱ መጠቀም ያስፈልጋል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ጉዞ በመስመሮቹ ምክንያት ከሁሉ የከፋ ስለ ሆነ፥ ወደ ጎን የሚሄደውን ወይም እጅግ በቀስታ የሚቀርበውን መምረጥ መልካም ነው። በሚቀርበው ላይም ሥዕሉ በ7 ሴኮንድ ውስጥ ከ100 እጅ 10 እጅ ያህል ቢያድግ በቂ ነው።

ቦታን ስለ ማጥበብና ስለ ማቃጠል

የተለመደው ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ 4.7 ቢሊዮን ባይት ይይዛል። ለሥዕሉ የሚፈቀደው ከፍተኛ ፍሰት በሴኮንድ 9.8 ሜጋቢት ነው፤ ነገር ግን በቤት የተቃጠለ ዲስክ በዚህ ልክ ሲሆን አንዳንድ ማጫወቻ ስለሚቸገር፥ 7 ወይም 8 ማድረግ ይሻላል። በ8 ሜጋቢት 78 ደቂቃ ያህል ይገባል። አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። 60 ፎቶግራፎች እያንዳንዳቸው 8 ሴኮንድ ቢታዩ ድምሩ 8 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ይህም ከዲስኩ ዐሥረኛውን እጅ ያህል ይወስዳል። ቦታ ሞልቶ ሳለ ፍሰቱን ማጥበብ ስለ ምን ያስፈልጋል? አንዱ ሥዕል እየደበዘዘ ሌላው በሚተካበት ጊዜ በፍሬሙ ላይ ያለው ነጥብ ሁሉ ስለሚለወጥ ብዙ ፍሰት የሚፈልገው ይልቁንም ያን ጊዜ ነው። ፍሰቱ ከጠበበ ሥዕሉ እንደ ተሰበረ መስተዋት ይከፋፈላል።

ዲስኩ ሲቃጠል በከፍተኛ ፍጥነት አይሁን። በዲስኩ ላይ ወረቀት መለጠፍም አይገባም፤ ሚዛኑን ያዛባልና፤ ለዲስክ በተሠራ ለስላሳ ብዕር መጻፍ ይበቃል። ከሁሉም በላይ በኮምፒዩተር ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። የኮምፒዩተር ገጽ ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ 60 ጊዜ ስለሚታደስ፥ 25 ደግሞ ለ60 እኩል አካፋይ ስላልሆነ፥ ደኅናው ሥራ እዚያ ሊንገጫገጭ፥ የአሜሪካው ልክ ደግሞ እዚያ አምሮ ሊታይ ይችላል። እኔን ያታለለኝ ይህ ነበር። ዲስኩ በሚታይበት ዓይነት ማጫወቻና ቴሌቪዥን አስቀድሞ መፈተን አለበት።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ። በቤት የሚቃጠል ዲስክ ቀለሙ በሙቀትና በፀሐይ ይጠፋልና፥ ለዘለዓለም የሚቆይ አይምሰላችሁ። ዋናዎቹን ፎቶግራፎች፥ የወረቀቱንም የኮምፒዩተሩንም፥ ቢያንስ በሁለት ቤት አኑሩ።

መቼ ዝም ማሰኘት ይገባል?

ይህን ሁሉ ከተማርሁ በኋላ ዲስኩን እንደ ገና ሠራሁት። ልኩን ወደ 25 መለስሁ፤ ጉዞውንም አዘገየሁ፤ በጥምቀቱ ሥዕል ላይ የጥበቡን ብልጭታ ቀነስሁ። ወደ መጨረሻው ፎቶግራፍ ስደርስ ግን እጄን አነሣሁ። እንዲህም ብዬ አሰብሁ፦ በቤተ ክርስቲያናችን ቅዱሳት ሥዕላት በስፍራቸው ጸንተው ይኖራሉ እንጂ ወደ እኛ አይንቀሳቀሱም፤ የምንቀርበው እኛ ነን። የእናትን ልብ ወደ ባልዋ ፊት የሚያቀርበው ፍቅርዋ እንጂ የእኔ ፕሮግራም አይደለምና፥ ሥዕሉ ይቁም።

ስለዚህ የአባታችን ፊት 20 ሴኮንድ ያህል ያለ አንዳች እንቅስቃሴ፥ ያለ ዜማም፥ በጸጥታ እንዲቆይ አደረግሁ። በተከታዩ ዓመት ለትንሣኤ በዓል ወደ ደጎሎ በሄድሁ ጊዜ ዲስኩን አስገባን። እናታችን እስከ መጨረሻው ተመለከቱ። የቆመው ሥዕል በመጣ ጊዜ ነጠላቸውን አጣፉ፤ ምንም አልተናገሩም። ሲያልቅም፥ «እንዲህ ነበሩ» አሉ። ቀጥለውም ልጆቹን፥ «አንድ ጊዜ ድገሙልኝ» ብለው ለመኑ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ አባትና እናትን ማክበር በሕይወት ሳሉ ብቻ የሚፈጸም ትእዛዝ አይደለም። ስማቸውን በጸሎት፥ መልካቸውንም በንጽሕና መጠበቅ ለእኛ የተተወ ሥራ ነው። እንግዲህ የወላጆቻችሁን ፎቶግራፍ በዲስክ ስታኖሩ አትቸኩሉ፤ ሒሳቡን አስሉ፥ ፈትኑም። የፊታቸውን ጸጥታ ለልጆቻችሁ ሳታውኩ አስተላልፉ። የሁላችንንም አባቶችና እናቶች ነፍስ እግዚአብሔር በአብርሃም፥ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። አሜን።