ለጎልፍ ጨዋታ ወደ በረሃ በማኅበር ስለ መሄድ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ይህ ዓምድ የአንባቢዎችን ሐሳብ የሚያስተናግድ ስለ ሆነ፣ ጥቂት ወዳጆች ተሰብስበን በምንመክርበት ጉዳይ ያየሁትንና የተረዳሁትን ለሌሎችም ቢጠቅም ብዬ ለማቅረብ ተነሥቻለሁ። ጉዳዩ የጎልፍ ጨዋታ ነውና ለብዙ ሰው የቅንጦት ወሬ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ጉዞው ለጨዋታም ሆነ ለንግሥ፣ ለሠርግም ሆነ ለጉብኝት፣ ብዙ ሆኖ መሄድን የሚያሳምረውና የሚያበላሸው ነገር አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ የጎልፍ ዱላ ጨብጦ የማያውቅ አንባቢ እንኳ እስከ መጨረሻው ቢታገሠኝ የሚያተርፍ ይመስለኛል።

ዐሥራ ሁለት ነን። ሰባታችን የመንግሥት ሠራተኞች፣ ሦስቱ ነጋዴዎች፣ አንዱ ሐኪም ሲሆኑ፣ እኔም አስተማሪ ነኝ። እሑድ እሑድ እየተገናኘን መጫወት ከጀመርን ዓመታት አልፈዋል። አሁን ደግሞ በማኅበር ሆነን ወደ ዱባይ ሄደን ለመጫወት አስበናል።

በረሃ ላይ ምን ጎልፍ አለ የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ቀድሞስ እውነቱን ነበር። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ይኖሩ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች በአሸዋ ላይ ይጫወቱ ነበር። ኳሱ የሚገባበት ቀዳዳ ያለበትን ስፍራ አሸዋውን በዘይት ለውሰው ያደላድሉታል፤ ተጫዋቹም ቁራጭ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ተሸክሞ ይሄድና ኳሱን በዚያ ላይ አስቀምጦ ይመታል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1988 ዓ.ም. ግን በዱባይ የኤምሬትስ ጎልፍ ክለብ ሜዳውን በሙሉ ሣር አልብሶ ከፈተ፤ በዚያ አካባቢም የመጀመሪያው ሆነ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1989፣ የዱባይ የበረሃ ውድድር በዚያው ሜዳ ተጀመረ፤ ስሙን የሰማነው ታይገር ውድስም በ2006 እና በ2008 አሸንፎበታል። በ1993 በዱባይ ወንዝ መሰል የባሕር ገብ ዳር ሌላ ክለብ ተከፈተ፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ተከታተሉ። ከእነዚህ ሜዳዎች መካከል በመብራት ሌሊት የሚጫወቱበትም አለ።

ያ ሁሉ ሣር የሚጠጣው ከባሕር ጨው ተጣርቶ የወጣ ወይም ከከተማው ፍሳሽ ታክሞ የተመለሰ ውሃ ነው። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን ደርድሮ የሚኖር ሰው ይህን ሲሰማ ሁለት ሐሳብ ያድርበታል፤ አንደኛው መደነቅ ነው፤ ሁለተኛውን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ምክሩ ልመለስ። የመጀመሪያው ጥያቄ ጊዜ ነው። ከእኛ መካከል አንዳንዱ በሐምሌና በነሐሴ የሆቴሉም የሜዳውም ዋጋ እንደሚወርድ ሰምቶ በክረምት እንሂድ አለ። ለእኔ ለአስተማሪው የክረምት ዕረፍት ስለ ሆነ የሚመች ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ወራት የዱባይ የቀን ሙቀት በአማካይ እስከ 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ አንዳንድ ቀንም ከ45 ያልፋል። ከባሕሩ የሚነሣው እርጥበት ሲጨመርበት ላብ እንኳ አይደርቅም። አንድ ሙሉ ጨዋታ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት የሚፈጅ ሲሆን፣ በደጋ ኖሮ ሐምሌን በካፖርት የሚያሳልፍ የአዲስ አበባ ሰው በዚያ ፀሐይ ውስጥ መዋሉ ጨዋታ ሳይሆን ቅጣት ነው። ሐኪሙ ወዳጃችን በዚህ ነገር ሳይሥቅ ተናግሯል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ግን መልካም ነው፤ በጥር የቀኑ ሙቀት 24 ዲግሪ ግድም ነው። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ፣ የትምህርት ቤቶች የግማሽ ዓመት ዕረፍት በሚሆንበት ሰሞን ለመሄድ ተስማምተናል።

በጥርም ቢሆን ጥንቃቄ አለበት። ከላይ ያነሣሁት ትልቅ ውድድር በቅርብ ዓመታት የሚካሄደው በዚሁ ወር ስለ ሆነ፣ በዚያ ሳምንት የእኛ ቢጤ ሰው በዚያ ሜዳ ላይ ዱላ አያነሣም። የረመዳን ጾም በየዓመቱ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ፊት እየመጣ ስለሚዘዋወር መቼ እንደሚውል ማየት ያስፈልጋል፤ የእኛም ዐቢይ ጾም ከገባ፣ የሚጾመው ሰው ምን እንደሚበላ ሆቴሉን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ይህ ለቀልድ የሚመስል፣ ግን ማኅበር የሚያጣላ ነገር ነው። የዱባይ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ በዚህም ላይ እኛ ሰዓትን የምንቈጥረው ከጧት ጀምረን ነው። ሜዳው ‘7 ሰዓት ላይ ትነሣላችሁ’ ብሎ የጻፈውን አንዱ ከቀትር በኋላ አድርጎ ተረድቶት ቢተኛ፣ የተከፈለው ገንዘብ አይመለስም፤ ሦስት ጓደኞቹም ቆመው ይጠብቁታል። በጎልፍ ሜዳ ሰዎች የሚነሡት አራት አራት ሆነው በተወሰነላቸው ደቂቃ ነውና። ስለዚህ በማኅበራችን ደብተር ላይ እያንዳንዱን ሰዓት በሁለቱም አቈጣጠር ጐን ለጐን እንድንጽፍ አድርጌአለሁ። ልጆችን የሚያስተምር ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር፣ በቃል የተነገረ ሁሉ በየጆሮው ልዩ ልዩ ሆኖ እንደሚገባ ነው።

ሦስተኛው የአገሩ ጠባይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለ ተቀመጠች አየሯ ሥሥ ነው፤ ኳስም በእርሷ ላይ ርቃ ትሄዳለች። ዱባይ በባሕር ዳር ናት። እዚህ 150 ሜትር ያደረሰ አመታት እዚያ ከዐሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ቢያጥርበት፣ ተጫዋቹ ዱላዬ ተበላሸ ብሎ እንዳያማርር ከወዲሁ ይወቀው። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ከለመደው አንድ ቁጥር የሚረዝመውን ዱላ ያንሣ።

አራተኛው ገንዘብ ነው፤ ወዳጅነት የሚፈተነውም በዚህ ነው። የዱባይ ገንዘብ ድርሃም ከ1997 ጀምሮ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ3 ነጥብ 67 ድርሃም ተመን ታስሮ የኖረ ስለ ሆነ ከዶላር ጋር አይናጋም። የእኛ ብር ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋው በገበያ የሚወሰን ሆኗል። እንግዲህ ዛሬ በብር ተምነን ለዓመት ብናዋጣ፣ በዓመቱ መጨረሻ ያው ብር ያንኑ ላይገዛ ይችላል። ስለዚህ መዋጮውን በየሦስት ወሩ እንደ ገና መተመን፣ የአውሮፕላን ቲኬቱንም ዋጋው ሳይወጣ በጊዜ መቊረጥ፣ ከባንክ ለመንገደኛ የሚፈቀደውን የውጭ ገንዘብ መጠን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ገንዘቡም በአንድ ሰው ኪስ ሳይሆን በሦስት ሰዎች ፊርማ በሚወጣ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ። ይህ በሰው አለማመን አይደለም፤ ገንዘብ ያዡን ከሐሜት ማዳን ነው።

አሁን ለመጻፍ ወዳነሣሣኝ ዋና ነገር ደረስኩ።

ከመካከላችን በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የሚሠሩ አንድ ሰው አሉ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። በልጅነታቸው በጎልፍ ሜዳ የሌሎችን ዱላ እየተሸከሙ፣ የጠፋ ኳስ እየፈለጉ በሚያገኙት ሳንቲም ደብተር እየገዙ ተምረዋል። ከዐሥራ ሁለታችን የሚበልጥ አመታት ያላቸው እርሳቸው ናቸው። ከዚህም በላይ፣ ከእኛ ስምንታችንን ዱላ አያያዝ፣ የእግር አቋቋምና የወገብ አዙሪት ያስተማሩን በየእሑዱ እየመጡ እርሳቸው ናቸው። እኔ ራሴ ከእርሳቸው ተምሬአለሁ። ለዚህም ከሻይ በቀር አንድ ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም።

የጉዞው ወጪ ሲሰላ ታዲያ የእርሳቸው ደመወዝ የማይደርስበት ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው ዕቅድ በታወቁት ትልልቅ ሜዳዎች ላይ አራት ቀን መጫወት ነበርና፣ በእነዚያ ሜዳዎች ላይ በጥር የአንድ ቀን ጨዋታ ዋጋ ብቻ የእኔን የአስተማሪውን የወር ደመወዝ ይበልጣል። አንዱ ነጋዴ ወዳጃችን ልቡ ደግ ነውና፣ “ለጋሼ እኔ እከፍላለሁ” አለ። ጋሼ ግን ባርኔጣቸውን አነሡና፣ “ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ፤ ሰው በከፈለልኝ ሜዳ ላይ ግን ዱላዬ ቀና ብሎ አይመታልኝም” ብለው እምቢ አሉ። ሌላው ደግሞ፣ “እንግዲህ የሚችል ይሂድ፣ የማይችል ይቅር፤ ለአንድ ሰው ብሎ ማኅበር አይቆምም” አለ። ጉዳዩ በዚህ ተንጠልጥሏል፤ በሚመጣው ወር መጀመሪያ ድምፅ እንሰጣለን።

በበኩሌ ሁለቱም ሐሳብ የተስተካከለ አይደለም እላለሁ። ማኅበር ሰው ሲጎድልበት ሌላ ማኅበር ይሆናል እንጂ ያው አይቀጥልም። ምጽዋትም እኩል የነበሩትን ሰጪና ተቀባይ አድርጎ ይለያያል። እኔ የማቀርበው ሦስተኛ መንገድ ነው።

ማስተማር ሥራ ነው፤ ሥራም ዋጋ አለው። ለአንድ ልጅ ሒሳብ ለማስጠናት ወደ ሰው ቤት ስሄድ የሰዓቴ ዋጋ ይታወቃል፤ ተቀብዬውም አላፍርም። ጋሼ ለስምንት ሰዎች በእሑድ እሑድ የሰጡት ትምህርት በዚሁ ልክ ቢተመን፣ ማኅበሩ ለእርሳቸው ዕዳ አለበት እንጂ እርሳቸው ከማኅበሩ ምንም አይለምኑም። እንግዲህ የተማርነው ስምንታችን የትምህርቱን ዋጋ እናዋጣና በእርሳቸው ስም በመዋጮው መዝገብ ይጻፍ። ይህ ስጦታ አይደለም፤ ዘግይቶ የተከፈለ ደመወዝ ነው።

ከዚህም ጋር ዕቅዱ በትልቁ ኪስ ሳይሆን በትንሹ ኪስ ይለካ። አራቱ ቀን ሁለት ይሁን፤ አንዱን በታወቀው ሜዳ፣ ሁለተኛውን ዋጋው ዝቅ ባለ ሜዳ ወይም ዋጋ በሚቀንስበት ከቀትር በኋላ እንጫወት። ሁለት ሁለት ሆነን በአንድ ክፍል እንደር። ዱላ ጭኖ የሻንጣ ኪራይ ከመክፈል እዚያው መከራየት የሚረክስ እንደ ሆነ እናስላ። ከዚህ በላይ መጫወት የሚፈልግ ባለጸጋ በተረፈው ቀን በገንዘቡ ይጫወት፤ ማንም አይከለክለውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው የተባለው ለዚህ ነው።

ውድድራችንም ደካማውን የማያስቀር ይሁን። በ1932 በእንግሊዝ አገር መሠራት የጀመረ፣ በፈለሰፈው ሐኪም ስም ስቴብልፎርድ የሚባል የነጥብ አቈጣጠር አለ። በእርሱ ዘንድ በአንድ ቀዳዳ ላይ እጅግ የተበላሸበት ሰው ባዶ ነጥብ ይዞ ወደሚቀጥለው ይሄዳል እንጂ ቀኑ በሙሉ አይጠፋበትም፤ እንደየችሎታውም ተጨማሪ ምት ስለሚታሰብለት ጀማሪው ከጋሼ ጋር እኩል ይፎካከራል።

ከመደምደሜ በፊት ስለ ሁለት ነገር ላሳስብ። አንደኛ፣ ለዱባይ ቪዛ ያስፈልገናልና የፓስፖርታችሁን ዘመን ዛሬውኑ ተመልከቱ። ጎረቤት፣ “ለልጄ አድርስልኝ” ብሎ የሚሰጠውን ጥቅል ሳትፈቱና ሳታዩ አትቀበሉ፤ በርበሬና ሽሮ መስሎ የተያዘ ነገር ውስጡ ሌላ ቢሆን ተጠያቂው ተሸካሚው ነው። ጫትም በዚያ አገር በሕግ የተከለከለ ነው።

ሁለተኛ፣ በዚያች ከተማ በሰው ቤት የሚሠሩ ብዙ እኅቶቻችን አሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በእኔ ክፍል ወንበር ላይ የተቀመጡ ነበሩ። ሕጉ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጣቸዋል። እኛ ለጨዋታ የሄድን ሰዎች ከቀናችን ግማሹን ለእነርሱ ብናደርግ፣ የእናታቸውን ሰላምታ ብናደርስና እንጀራ ቆርሰን አብረን ብንበላ ሣሩ ከእኛ የሚያመልጥ አይደለም። እነርሱ በረሃውን የሚያውቁት ከእኛ በተለየ መንገድ ነው።

በድምፃችን ቀን ይህን ጽሑፍ አንብቤላቸው እነሣለሁ። የማኅበራችን አባላትም ይህን ጋዜጣ የሚያነቡ ስለ ሆኑ ከዚያ በፊት ቢያገኙት አይከፋኝም። ሌሎችም በማኅበር ሊጓዙ የሚያስቡ ሁሉ፣ ሜዳውንና ሆቴሉን ከመምረጣቸው በፊት ከመካከላቸው ኪሱ ትንሽ የሆነውን ሰው አግኝተው ቢያነጋግሩ፣ የቀረው ሒሳብ ራሱ ይቃናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
አዲስ አበባ