በአማርኛ ስለ ጠፉት የመነሻ ድምፆች

በዘመን ብዛት ቃል ከመነሻው ድምፅ ይጥላል። በእንግሊዝኛ ጉልበት ማለት የሆነው «ኒ» ቀድሞ በ«ክ» ይጀምር ነበር፤ ድምፁ በ17ኛው መቶ ዓመት ገደማ ከአፍ ሲጠፋ ፊደሉ በጽሕፈት ቀረ። ይህን የመሰለ ለውጥ በእኛም አገር አለ፤ አማርኛና ትግርኛ ጎን ለጎን በሚነገሩበት በራያ ቆላ፣ ከቆቦ እስከ አላማጣ ባለው ስፍራ፣ በግልጥ ይሰማል።

ግዕዝ «ኀደረ»፣ «ኀለፈ»፣ «ሐሰበ» የሚለውን ትግርኛ «ሓደረ»፣ «ሓለፈ»፣ «ሓሰበ» ሲል፣ አማርኛ «አደረ»፣ «አለፈ»፣ «አሰበ» ይላል። የጉሮሮው ድምፅ ወድቋል፤ ነገር ግን ፍለጋው አልጠፋም። «ሰበረ» ብለን «ይሰብራል» ስንል፣ «አደረ» ብለን ግን «ያድራል» እንላለን፤ «ይ» ወደ «ያ» የተለወጠው በወደቀው ድምፅ ምክንያት ነው። እንዲሁም «አሰበ» ከማለታችን ጋር «ሐሳብ»፣ «አዘነ» ከማለታችን ጋር «ሐዘን» እንላለን፤ ግሡ የጣለውን ስሙ ይዞታል።

እንግዲህ በገበያ የሚገናኙት ጎረቤታሞች አንዱ የሌላውን አነጋገር የተበላሸ ነው ሊለው አይገባም። ትግርኛው የቀድሞውን ድምፅ ጠብቋል፤ አማርኛውም የተወው በስንፍና ሳይሆን በቋንቋ ሕግ ነው።