በርቀት ትምህርት ርቀቱ በምን ይለካል?

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው የሬዲዮ ሞገድ ይህን ርቀት ከሴኮንድ አሥር ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ያቋርጠዋል። ይሁን እንጂ ኮምቦልቻ ውስጥ በፋብሪካ እየሠራ የሚማር የርቀት ተማሪ ደሴ ለሚገኝ ማዕከል ያስረከበው አሳይንመንት ታርሞ እስኪመለስለት ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ታዲያ የዚህ ተማሪ ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ነውን?

የዘርፉ ተመራማሪ ማይክል ሙር እንደሚያስረዱት በርቀት ትምህርት ዋናው ርቀት በተማሪና በመምህር መካከል ያለው የመግባባት ክፍተት ነው። ውይይቱ ሲበዛ ክፍተቱ ይጠባል፤ ውይይቱ ሲቀንስ ይሰፋል።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። እንጀራ የምትጋግር እናት በቅድሚያ ማሟሻውን አውጥታ ታያለች። ምጣዱ ከልክ በላይ ከጋለ እሳቱን ትቀንሳለች፤ ካልጋለ ማገዶ ትጨምራለች። በፊዚክስ ይህን ግብረ መልስ እንለዋለን። ማሟሻው የሚታየው ሊጡ ካለቀ በኋላ ቢሆን ኖሮ ምንም አይረባም ነበር። በተመሳሳይ ሁኔታ አንድ ተማሪ «ኃይል ከሌለ እንቅስቃሴ የለም» ብሎ በስህተት ቢረዳና እርማቱ ቢዘገይ፣ ስህተቱን ይዞ ወደ ሞመንተምና ወደ ኢነርጂ ምዕራፎች ይሻገራል። በመሆኑም የዘገየ እርማት ውጤት ይነግራል እንጂ አያስተምርም።

ይህ ልዩነት በታሪክም ይታያል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1858 ተማሪዎች የትም ተምረው ለዲግሪ ፈተናው እንዲቀመጡ ፈቀደ፤ ዝግጅቱ ግን የተማሪው ፋንታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የእንግሊዝ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ግን ለተማሪዎቹ አሳይንመንት አርሞ በጽሑፍ አስተያየት የሚሰጥ አስጠኚ መደበ።

የድጋፍ አገልግሎት መልካምነት ብዙ ጊዜ የሚመዘነው ከ1 እስከ 5 ነጥብ በሚሰጥ የእርካታ መጠይቅ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ከተመዘገቡ 100 ተማሪዎች 40ዎቹ አቋረጡ፣ የቀሩት 60ዎቹ በአማካይ 4 ነጥብ ሰጡ እንበል። ያቋረጡት ተጠይቀው በአማካይ 2 ቢሰጡ ኖሮ የሁሉም አማካይ ወደ 3.2 ይወርድ ነበር። እጅግ የተከፉት ሳይጠየቁ የተገኘ እርካታ፣ መሣሪያው ትክክል ቢሆንም ናሙናው የተዛባ ልኬት ነው።

እንግዲህ እያንዳንዱ ማዕከል ሁለት ቀኖችን፣ ማለትም አሳይንመንቱ የገባበትንና ታርሞ የተመለሰበትን፣ ቢመዘግብ የመዘግየቱ ልክ በግልጽ ይታወቃል። ያቋረጡትንም ፈልጎ መጠየቅ ይገባል። «ትምህርቱ ከአቅሜ በላይ ነው» ብሎ ሞጁሉን ያስቀመጠ ተማሪ የጎደለው የማሰብ ችሎታ ሳይሆን በጊዜው የደረሰ መልስ ሊሆን ይችላልና።