ቶምና ጄሪ ለምን አያረጁም?

ቶምና ጄሪ ለመጀመሪያ ጊዜ በሲኒማ የታዩት እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። ያን ጊዜ ድመቱ ጃስፐር ይባል ነበር፤ ቶም የሚለው ስም በኋላ የመጣ ነው። ፈጣሪዎቻቸው ዊሊያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ ዛሬ በሕይወት የሉም። ጄሪ ግን እዚህ ሐርጌሳ ከአንደኛ ክፍል ተማሪ እስከ አያቱ ድረስ ቤተሰቡን በአንድ ሶፋ ላይ ሰብስቦ ያስቃል።

እኛ መምህራን የካርቱን ነገር የምናነሣው አብዛኛውን ጊዜ የቤት ሥራ ሳይሠራ ሲቀር ነው። ዘንድሮ ግን ተማሪዎቻችን ስለሚወዱት ነገር ስንጠይቅ መልሱ ሁሉ ወደ ካርቱን ስላመራ፣ ምን ይዟቸው ነው ብለን ለማሰብ ተገደድን።

የመጀመሪያው ነገር ቶምና ጄሪ እምብዛም አለመናገራቸው ነው። የሚናገርላቸው ሙዚቃው ነው። የሙዚቃ ደራሲው ስኮት ብራድሊ ለእያንዳንዱ እርምጃ፣ ለእያንዳንዱ ውድቀት ልክ የሆነ ድምፅ ሠርቶለታል። ቤት አማርኛ፣ ሰፈር ሶማልኛ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ለሚሰማ ልጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የእኛም ልጅ የጎረቤታችንም ልጅ እኩል ይስቃሉ፤ የሚያስተረጉም አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ታሪኩ እንግዳ አይደለም። ትንሹ በብልሃት ትልቁን ሲረታ በእኛ ተረት ጦጣ ስታደርገው የኖረችው ነው። በሶማልኛ ተረትም ቀበሮ አለች። አንበሳ ሥጋውን አካፍል ብሎ ጅብን ሲያዝዘው ጅብ ግማሹን ለአንበሳ፣ ግማሹን ለሌሎቹ ያደርጋል፤ በአንድ ጥፊ ዓይኑ ይፈርጣል። ተራው የቀበሮ ሲሆን ሥጋውን ለአንበሳ ትሰጣለች። ይህን አከፋፈል ማን አስተማረሽ ስትባል የጅብን ዓይን ትጠቅሳለች። ይህን ተረት እየሰማ ያደገ አባት ጄሪን ሲያይ ቢስቅ ምን ይገርማል? ልጁ ግርግሩን ያያል፤ አባቱ አንበሳውንም ያያል።

ሦስተኛው መልክ ነው። ኮንራድ ሎሬንዝ የተባለው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1943 እንደጻፈው፣ ትልቅ ጭንቅላት፣ ትልልቅ ዓይኖችና ሙሉ ጉንጭ ስናይ ሕፃን ያየን ያህል አንጀታችን ይላወሳል። ሚኪ ማውስ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ሲወጣ ቀጭን፣ ሹል አፍንጫ ያለው፣ እንስሳትን እያሠቃየ ሙዚቃ የሚሠራ ተንኮለኛ ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ስቲቨን ጄይ ጉልድ ከ50 ዓመት በኋላ የሚኪን ሥዕሎች በመለኪያ ቢለካቸው፣ መጀመሪያ የራሱን ርዝመት 27 በመቶ ያህል የነበረው ዓይኑ 42 በመቶ ደርሶ አገኘው። ጭንቅላቱም ከሰውነቱ አንጻር አድጓል። እኛ ዓመት በቆጠርን ቁጥር እናረጃለን፤ ሚኪ ወደ ሕፃንነት ይሄዳል። ጠባዩም አብሮ ለስልሷል።

አዋቂን የሚይዘው ሌላም ነገር አለ፤ ትዝታ። ከወላጆቻችን ብዙዎቹ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት በር ላይ ተኮልኩለው ያዩ ናቸው። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ፣ የሰማ ሁሉ ተረቱን በአማርኛ ሰምቷል። የዛሬ ልጆቻችን የሚወዷቸው ገጸ ባሕርያት ግን በሳተላይት የሚመጡና በአብዛኛው በዓረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ የሚናገሩ ናቸው። ልጅ ከሚወደው ገጸ ባሕርይ ቋንቋ ይማራል፤ ማንም ሳያስገድደው። ከአገር ርቀን ለምንኖር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ቀድሞ መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ይህን ቀድመው የተረዱ ይመስለናል። ከባለቤታቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2005 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን ዝግጅት ጀመሩ። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ በእጅ የምትንቀሳቀስ አሻንጉሊት እንጂ በትክክል ካርቱን አይደለችም። ለልጆች ግን ልዩነቱ ምንም አይደለም። ትጠይቃለች፣ ትሳሳታለች፣ እጇን ትታጠባለች፤ ሁሉንም በአማርኛ። ዝግጅቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ፕራይዝ የተባለውን ዓለም አቀፍ የትምህርታዊ ዝግጅቶች ሽልማት አግኝቷል። ከዚያም «ጥበብ ገርልስ» መጡ፤ ሦስት ኢትዮጵያውያት ልጃገረዶች፣ እነዚህስ በእርግጥ ካርቱን ናቸው፤ ያለዕድሜ ጋብቻን የመሰሉ ነገሮችን ይታገላሉ። ብዛታቸው ከውጪዎቹ ጋር አይወዳደርም።

እስኪበዙ ድረስ ግን ዝምተኞቹ ቶምና ጄሪም ይጠቅሙናል። የማይናገር ፊልም ተራኪ ይፈልጋልና በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሞከርነው። ድምፁን ዘግተን ልጆቹ ተራ በተራ የሚያዩትን እንዲናገሩ አደረግን። አሳደደው፣ ተደበቀ፣ ተንሸራተተ፣ አመለጠ፤ እነዚህ ወዲያው መጡ። «ወጥመድ» የሚለው ቃል ሲጠፋ አንዷ ከኋላ ረድፍ አስታወሰችው፤ ከአያቷ እንደሰማችው ነገረችን። ጄሪ ቶምን ያደረገውን ለመናገር ሲደርሱ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «አታለለው» ነው አለ፣ ግማሹ «ሸወደው»። ደወሉ ተደውሎም ክርክሩ አላለቀም፤ በሩ ላይ ወላጆችም ገቡበት።