የነገረ መለኮት ዲግሪ ወጪና ገቢ እንዴት ይመዘናል?

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ከሚያጠናቅቁ ተማሪዎች መካከል ነገረ መለኮት ለመማር የሚፈልግ አይጠፋም። አንዳንድ መምህርም ሥራውን ትቶ ወደ መንፈሳዊ ኮሌጅ ለመግባት ያስባል። እንዲህ ያለው ሰው ምክር ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ «ጥሪ ከሆነ ሒሳብ አያስፈልገውም» ወይም «እንጀራ የማያበላ ትምህርት ነው»። ሁለቱም መልሶች ጠያቂውን አይረዱትም። ይህ ጽሑፍ ሚዛኑ እንዴት እንደሚሠራ፣ የት ላይም እንደሚያበቃ ለማሳየት ይሞክራል።

ወጪው

የትምህርት ወጪ ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው የመመዝገቢያ፣ የትምህርትና የመጻሕፍት ክፍያ ነው። ይሁን እንጂ የምጣኔ ሀብት ሊቅ የሆነው ቴዎዶር ሹልትስ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው ጽሑፍ እንዳስገነዘበው፣ ተማሪው ሥራ ላይ ቢሆን ኖሮ ያገኘው የነበረው ደመወዝም ከፍተኛ ወጪ ነው። በአንጻሩ፣ ቢማርም ባይማርም የሚበላው ምግብ የትምህርቱ ወጪ ሆኖ አይቆጠርም። የሚቆጠረው በትምህርቱ ምክንያት የመጣው ልዩነት ብቻ ነው።

ለማስላት ያህል፣ በወር 5,000 ብር የሚያገኝ መምህር ሥራውን ትቶ 4 ዓመት ተማረ እንበል። የቀረበት ደመወዝ 240,000 ብር ነው። ለትምህርትና ለመጻሕፍት በዓመት 10,000 ብር ቢያወጣ ድምሩ 280,000 ብር ይደርሳል። በትርፍ ሰዓት ሥራ 72,000 ብር ቢያገኝ የተጣራው ወጪ 208,000 ብር ይሆናል። ከምረቃ በኋላ በወር 6,500 ብር ቢከፈለው፣ የመምህርነቱ ደመወዝ ሳያድግ ይቆይ ነበር ብንል እንኳ፣ ወጪውን ለመመለስ ከ11 ዓመት ተኩል በላይ ያስፈልገዋል። ክፍያው 4,500 ብር ቢሆን ግን በገንዘብ ረገድ ከቶ አይመለስም። ሥራውን ሳይለቅ በማታው ክፍለ ጊዜ ቢማር ደግሞ ወጪው ወደ 40,000 ብር ወርዶ፣ በ6,500 ብር ደመወዝ በ2 ዓመት ከ3 ወር ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ የአጠናን መንገድ ምርጫ ከትምህርት ክፍያው መጠን ይልቅ ሚዛኑን ይለውጠዋል።

ገቢው

ነጻ ትምህርት የተማሪውን ወጪ ያቃልላል እንጂ ገቢውን አያረጋግጥም። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው «የሕዝቦች ሀብት» በተባለው መጽሐፉ፣ ለክህነት ትምህርት የሚሰጠው ድጎማ የተማሪውን ቁጥር ስለሚያበዛ የካህናቱን ክፍያ እንደሚያወርድ አመልክቷል። በዘመኑ ለእንግሊዝ ረዳት ቄስ መልካም ይባል የነበረውን 40 ፓውንድ የዓመት ክፍያ፣ ለንደን ውስጥ ተቀጥረው የሚሠሩ ጫማ ሰፊዎችም ያገኙት ነበር።

በአገራችን አኮፋዳውን አንግቦ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚማረውን የቆሎ ተማሪ ወጪ ሲሸከም የኖረው ሕዝቡ ነው። ከትምህርቱ በኋላ ደግሞ ብዙው አገልጋይ የሚተዳደረው ከአገልግሎቱ ጋር በተያያዘ መሬት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን መተዳደሪያ አስቀረ። በ1954 ዓ.ም. በተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅም በደርግ ዘመን ተዘግቶ፣ ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ እንደገና ተከፈተ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነጻ እንዲሆን ስለሚደነግግ፣ ምሩቁ ሃይማኖቱን በመንግሥት ትምህርት ቤት ሊያስተምር አይችልም። ከእነዚህ ሁሉ የምንረዳው የዲግሪው ገቢ በጥቂት ቀጣሪዎች እጅ የሚገኝና ለዘመን ለውጥ የተጋለጠ መሆኑን ነው።

ከሒሳቡ ውጭ የሚቀረው

የግእዝ ዕውቀት፣ የጥንት መጻሕፍት ምርምር፣ የተጣሉትን ማስታረቅና ያዘኑትን ማጽናናት በደመወዝ መዝገብ ላይ አይታዩም፤ ኅብረተሰቡ ግን ይጠቀምባቸዋል። ይህ እውነት ቢሆንም ሒሳቡን ለመሸፈን ሊውል አይገባም። የሚያጣውን አውቆ የገባ ሰው መሥዋዕትነቱ የራሱ ነው። ሳያውቅ የገባው ግን ቤተሰብ ከመሠረተ በኋላ ሲደርስበት፣ ልጆቹ ያልመረጡትን ዕዳ ይካፈላሉ።

ስለዚህ መካሪው መምህር አራት ጥያቄዎችን ቢያቀርብ ይበጃል። የሚቀረው ደመወዝ ስንት ነው? ሥራን ሳይለቁ መማር ይቻላል? ከምረቃ በኋላ የሚቀጥረው ማን ነው? ያ ቀጣሪ ቢታጣ በምን ሌላ ሙያ መተዳደር ይቻላል? የፕሮግራም አዘጋጆችም በበኩላቸው ከነገረ መለኮቱ ጎን የቋንቋ፣ የሒሳብ አያያዝ ወይም የቤተ መጻሕፍት ሥራ ትምህርት ቢጨምሩ የአራተኛውን ጥያቄ መልስ ያቀልሉታል። መምህሩ ሚዛኑን ያቀርባል፤ ውሳኔው ግን የተማሪው ነው።